ጀንበር ሳትጠልቅ፦ ከጎንደር ጎርጎራ ደርሶ መልስ

የመጽሔቱ አዘጋጅ ኮሚቴ ደውሎ «ስለ ጎርጎራ አንድ ነገር ጻፊልን» ሲለኝ መጀመሪያ ሳቅሁ። እኛ የ1997 ተመራቂዎች በተገናኘን ቁጥር የመጨረሻው ቀን ፕሮግራም ጎርጎራ ነበር። በጠዋት ተነስቶ፣ ዓሣ በልቶ፣ ፎቶ ተነስቶ ማታ መመለስ። ዘንድሮ ሃያኛ ዓመታችንን ስናከብር ያ ጉዞ ከፕሮግራሙ ወጣ። ለምን እንደወጣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ መንገዱ በዚህ ሰሞን እንደ ድሮው ሰተት ብለው የሚሄዱበት አይደለም። እና ኮሚቴው በወረቀት እንድንሄድ አሰበ ማለት ነው። እሺ አልኩ። ግን በወረቀት ከሆነማ፣ በመኪና እየዘፈንን ያለፍናቸው ቦታዎች ላይ ቆም እያልኩ ነው የምወስዳችሁ። የዚያ መንገድ ታሪክ የትምህርት ቤታችንም ታሪክ ነውና።

እኔ ጎርጎራን መጀመሪያ ያየሁት በኅዳር 1993 ዓ.ም. ነው። ሦስተኛ ዓመት ነበርን። ያኔ ስማችን ገና የጎንደር ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የሆንነው ልንመረቅ ስንቃረብ ነው። ከክፍላችን አሥራ ሁለት ሆነን ገንዘብ አዋጥተን አንድ ሚኒባስ ተኮናተርን። መንገዱ ኮረኮንች ስለነበር ሹፌሩ «ስልሳ ኪሎ ሜትር ብትሉም የመቶ ሃያ ነው የማስከፍላችሁ» ብሎ ተከራከረን፤ እውነቱን ነበር።

መጀመሪያ አዘዞ ነው። አብዛኞቻችን አዘዞን የምናውቃት በአውሮፕላን ማረፊያዋ ነው። አፄ ሱስንዮስ ግን እዚያ ገነተ ኢየሱስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን ከነአትክልት ቦታውና ከነመዋኛው አሠርተው ነበር፤ የተቀበሩትም እዚያው ነው። ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. ከ1607 እስከ 1632 የነገሡ፣ መናገሻቸውንም በባሕሩ ዙሪያ ከቦታ ቦታ ሲያዘዋውሩ የኖሩ ንጉሥ ናቸው። (ጣናን «ሐይቅ» የምንለው መጻሕፍት ስናነብ ነው እንጂ በኛ አገር ባሕር ነው።) በጎንደር ያደገ ሁሉ የሚያውቀው ተረት አለ። የነገሥታቱ መናገሻ ስሟ በ«ጎ» የምትጀምር ከተማ ትሆናለች የሚል ትንቢት ነበርና፣ ጉዛራንም ጎመንጌንም ጎርጎራንም እየሞከሩ ቆይተው፣ በመጨረሻ የሱስንዮስ ልጅ አፄ ፋሲል ጎሽ ሲያሳድዱ ጎንደርን አገኙ ይባላል። እ.ኤ.አ. 1636 ነው። ተረቱን እወደዋለሁ። ነጭ ጋውን ከለበስኩ ወዲህ ግን ሌላ ነገር ይታየኝ ጀመር፤ ከባሕሩ ዳር እየሸሹ ወደ ደጋው የመውጣት ታሪክ ነው።

ከአዘዞ ወዲያ መሬቱ ይዘረጋል፤ ደምቢያ ነው። በኅዳር ያላየው ሰው አላየውም። በጥቁሩ ዋልካ ላይ ጤፉ ወርቅ ሆኖ፣ ሽምብራው ገና ለምለም፣ ከብቱ ቦይ ለቦይ ተበትኖ፣ ከሩቅ ደግሞ የባሕሩ ሰማያዊ እንደ ክር ይታያል። ቆላድባ ላይ ቆመን ሸንኮራ ገዛን። ጤና ጣቢያው አጠገባችን ነበር፤ ዞር ብሎ ያየው ሰው አልነበረም። የሱን ነገር ስንመለስ አነሳዋለሁ፤ እኛም ያነሳነው ስንመለስ ነውና።

ጎርጎራ ትንሽ ከተማ ናት። ትንሽነቷን የሚያስረሳው ቀለሟ ነው። የውሃው ሰማያዊ፣ የዋርካው ጥቁር አረንጓዴ፣ የደንገሉ ዛላ፣ ቀይና ቢጫ ወፎች፣ ታንኳ ላይ ተደርድሮ የሚያብረቀርቅ ዓሣ። ወደቡ በጣሊያን ጊዜ ባሕሩን ለማመላለሻ የተሠራ ነው። ከኮረብታው ላይ ጣሊያኖች የተዉት ሐውልት ፈራርሶ ቆሟል፤ ከዚያ ሆኖ ባሕሩን ማየት ለኛ ትልቁ የፎቶ ቦታ ነበር። አምስት ዓመት ለቆየ ግዛት ይህን ያህል ድንጋይ መቆለል ምን ይባላል?

ዋናው ቀለም ያለው ግን ደብረ ሲና ማርያም ውስጥ ነው። ክብ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ጣሪያዋ ሣር። ከውጭ ላያት ተራ የገጠር ደብር ትመስላለች። ውስጥ ሲገቡ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ቀዩ፣ ቢጫው፣ አረንጓዴው ሳይቀላቀል ንጹሕ ሆኖ ተቀብቶ፣ ዓይኖቹ ሁሉ እርስዎን ያያሉ። የጎንደር ሥዕል መጀመሪያ ዘመን መልክ ይኼ ነው፤ ጥላና ብርሃን የገባበት የኋለኛው ነው። ሥዕሉን ያሠራችው የአፄ ፋሲል እህት መለኮታዊት ናት ይባላል። ወንድሟ በደጋው ላይ ድንጋይ ሲያስቆልል፣ እሷ እዚህ ባሕሩ ዳር ቀለም አስቀባች። ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ ከዚያ እጅግ የቀደመች፣ ከ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የነበረች መሆኗን ነው ካህናቱ የሚነግሩን።

ከዚህ ቀለም ጀርባ የትኩሳት ታሪክ አለ። በሱስንዮስ ዘመን ጎርጎራ መናገሻ ነበረች። ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1603 ኢትዮጵያ ገባ፤ ከዚያ በፊት የመን ውስጥ ለዓመታት ታስሮ የኖረ ሰው ነው። አማርኛና ግዕዝ ተማረ፣ የንጉሡ ወዳጅ ሆነ፣ ጎርጎራ ላይ የድንጋይ ቤተ መንግሥት አሠራላቸው፣ በ1618 ከንጉሡ ጋር ሆኖ ግሽ ዓባይን አየ። (ከ150 ዓመት በኋላ ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ «ምንጩን ያየሁት እኔ ነኝ» ለማለት ሲል ፓኤዝ አልደረሰም ብሎ ተከራከረ። ብሩስ ደግሞ ወደ ቤተ መንግሥት የዘለቀው በሐኪምነት ነው፤ ፈንጣጣ የያዛቸውን የእቴጌ ምንትዋብን ቤተሰቦች አስታሞ። ሐኪም ነን ብለን ጎንደርን ያስቸገርነው እኛ ብቻ አይደለንም።) ፓኤዝ በግንቦት 1622 እዚያው ጎርጎራ ላይ በትኩሳት ታሞ ሞተ። ያለ ስላይድ ወባ ነው ብዬ አልፈርምም፤ ቦታውን ግን አውቀዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረነዋል። ንጉሡ ካቶሊክነታቸውን በይፋ አወጁ፣ አገሩ ተከፈለ፣ ደም ፈሰሰ፣ በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ፣ ኢየሱሳውያኑም ተባረሩ። ማርያም ግምብ የሚባለው የዚያ ዘመን ካቴድራል ፍርስራሽ ዛሬም ከጎርጎራ ወዲያ ባለው ምላስ መሬት ላይ አለ፤ ጽጌረዳ የተቀረጸበት ድንጋዩ ሣር ውስጥ ወድቋል። ሱስንዮስ ራሳቸው ከመሞታቸው በፊት ጎርጎራን ትተው ደንቀዝ ወጥተው ነበር፤ ከባሕሩ የራቀ ደጋ ነው። ነገሥታቱ ባሕሩን ለምን ለቀቁ ሲባል የታሪክ ሰዎች ብዙ ይደረድራሉ፤ የንግድ መንገድ፣ ጦርነት፣ ማገዶ፣ የሃይማኖቱ ጠብ። ንዳዱንም ይጨምራሉ። እኔ ሐኪም ነኝና ለንዳዱ አደላለሁ። የወባ ጥገኛ ተህዋስ በትንኟ ሆድ ውስጥ ለመብሰል ሙቀት ይፈልጋል፤ ከ16 ዲግሪ በታች ፋልሲፓረሙ ሥራውን ያቆማል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ። ያች የ300 ሜትር ልዩነት ናት ፋሲል ግንብን ግንብ ያደረገችው ብል የታሪክ ክፍል ወዳጆቼ ይቆጡኝ ይሆናል።

ወደ 1993 ልመልሳችሁ። ዓሣ የበላነው ወደቡ አጠገብ እናትና ልጅ ከሚጠብሱበት ደሳሳ ቤት ነው። ቆሮሶ በበርበሬ። ከምሳ በኋላ ወንዶቹ ጀልባ ተከራይተው ወደ ማንዳባ መድኃኔ ዓለም ሄዱ። ገዳሙ ሴት አያስገባም፤ ስለዚህ እኔና የዶርም ጓደኛዬ ዳር ላይ ቀረን። ዓሣ የጠበሱልን እናት እቃቸውን እየሰበሰቡ «የኔ ልጆች፣ ጀንበር ሳትጠልቅ ወደ ደጋችሁ ውጡ እንጂ፤ ኅዳር ነው እኮ» አሉን።

«እማማ፣ ወንዶቹን እየጠበቅን ነው» አልናቸው።

«እነሱን ባሕሩ ያመጣቸዋል። እናንተ ቢያንስ ከዳሩ ራቁ» አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ላይ ሄዱ። እኛ ደግሞ እግራችንን ውሃ ውስጥ ነክረን የጀንበሯን መጥለቅ አየን። እንደዚያ ቀን ያማረ ማታ አይቼ አላውቅም። ውሃው መጀመሪያ ብርቱካን፣ ቀጥሎ ወይን ጠጅ፣ ቀጥሎ ጥቁር ሆነ። ወንዶቹ ሲመለሱ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ቢንቢው ጆሯችን ላይ ሲዘፍን በጥፊ እየመታን ሳቅን። ፓራሲቶሎጂ ኤ ያገኘሁ ልጅ ነኝ፤ ይኼንን ደጋግሜ ነው የምናገረው።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጓደኛዬ ብርድ ብርድ አላት። ራሷን ፈለጣት፣ አስታወካት። ዶርሙ ተሰበሰበና ሦስተኛ ዓመት ሐኪሞች ምክር ያዝን። ካፌ የበላችው ነገር ነው ተባለ። አንዱ የግል ላቦራቶሪ ቪዳል አሠርታ «ፖዘቲቭ» ተባለችና ታይፎይድ ነው ብለን ተስማማን፤ ክሎራምፌኒኮሉን ገዝቼ፣ ሰዓት እየጠበቅሁ ያዋጥኳት እኔ ነኝ። ሦስት ቀን ጠበቅን። በአራተኛው ሌሊት ስሜን ጠርታ ስታናግረኝ እናቷን የምታናግር መሰለኝ። «እማዬ፣ በሩን ዝጊው» ትለኛለች። በሩ ተዘግቷል። በብርድ ልብስ ተሸክመን ድንገተኛ ክፍል ወሰድናት።

ተረኛው ሐኪም የመጀመሪያ ጥያቄው «በዚህ ወር ከጎንደር ወጥታ ነበር?» የሚል ነበር። አምስት ሆነን አጠገቡ ቆመን እርስ በርስ ተያየን። በሙያችን ይኼ ሂስትሪ መውሰድ ይባላል፤ ታሪክ ማለት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ አብሬያት ተኝቼ፣ አብሬያት ጎርጎራ ሄጄ፣ ታሪኳን አልጠየቅኋትም። ስላይዱ ላይ ፋልሲፓረሙ ቀለበቱን ደርድሮ ነበር። ኩዊኒን በግሉኮስ ተንጠለጠለላት። ክኒን የሚለው ቃላችን ከዚህ መድኃኒት ስም የመጣ መሆኑን ያወቅሁት አልጋዋ ሥር ተቀምጬ ሳነብ ነው። በሦስተኛው ቀን ዓይኗን ገልጣ ስሜን በትክክል ጠራች። ዛሬ ውጭ አገር የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ናት፤ ይኼን ልጽፍ እንደሆነ ስነግራት «ስሜን አትጥሪ እንጂ ጻፊው፤ ክሎራምፌኒኮሉንም እንዳትረሺ» አለችኝ።

አሁን ቆላድባ ላይ እንቁም።

በ1996 ዓ.ም. መግቢያ ለቡድን ሥልጠና ፕሮግራም፣ ያው ቲቲፒ የምንለው፣ የደረሰኝ ቆላድባ ነበር። ዓመቱን ታስታውሳላችሁ፤ ወባ በአገሪቱ በብዙ ወረዳ የተነሳችበት ዓመት ነው። ጠዋት ጤና ጣቢያው ግቢ ስንገባ ሰው በዛፉ ጥላ ሥር በጋቢ ተጠቅልሎ ተኝቶ እናገኘዋለን። አንድ ቀን የልጅ ልጃቸውን ይዘው የመጡ አንዲት ባልቴት ካርድ ሳወጣላቸው «እናንተ የዚያ የጎንደሩ ትምህርት ቤት ልጆች ናችሁ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እማማ።»

«የኛ ነው እሱ» አሉ።

ሆስፒታሉን ማለታቸው መስሎኝ «የሁሉም ነው» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጅ ሳሉ በዚያ አገር ንዳድ ገብቶ ሁለት ወንድሞቻቸው በአንድ ሳምንት መሞታቸውን፣ ቀባሪ ታጥቶ በጎረቤት ሴቶች መቀበራቸውን፣ እህሉ ማሳ ላይ ቆሞ መርገፉን ነገሩኝ። «ከዚያ ወዲያ ነው ትምህርት ቤቱ የመጣው። ምሱን የከፈልን እኛ ነን» አሉኝ። እንዲህ ነበር ያሉት፤ ምስ።

የሕዝብ ጤና ትምህርት የወሰደ ሁሉ ያነበበው ነው፤ ከአንድ መስመር ግን አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ በተነሳው የወባ ወረርሽኝ 7,000 ያህል ሰው አለቀ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1947 ዓ.ም.፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ እርዳታ ተባብረው ነው። ቦታው ጎንደር እንዲሆን ካደረጉት ነገሮች አንዱ ያ ወረርሽኝ ነው። ያን ጊዜ በአገሪቱ ሐኪም በጣት የሚቆጠር ስለነበር፣ ኮሌጁ ያሰበው ሆስፒታል ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሐኪም ማፍራት አልነበረም። ጤና መኮንኑን ሦስት ዓመት፣ የኅብረተሰብ ነርሷን ሁለት ዓመት፣ ሳኒታሪያኑን አንድ ዓመት አስተምሮ፣ ሦስቱንም በአንድ ቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ መላክ ነበር። ቆላድባ ከነዚያ ቀደምት የማሠልጠኛ ጤና ጣቢያዎች አንዱ ነው። እኛ «ቲቲፒ ላኩን» ብለን ያማረርንበት ነገር የትምህርት ቤቱ መነሻ ሐሳብ ነበር።

ሕክምና ፋኩልቲው የመጣው ከዚያ በጣም ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ከላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር ነው። የጀርመኖቹን ዘመን የሚናፍቁ መምህራን ነበሩን። እኔ እውነቱን ለመናገር የማደንቀው የመጀመሪያዎቹን ነው። የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች ሥራ ሳይጀምሩ ብዙም ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ ያ ታላቁ የወባ ወረርሽኝ ደጋማውን አገር መታው። ሦስት ሚሊዮን ሰው ታመመ፣ 150,000 ሞተ ተብሎ ተገምቷል። የደጋ ሰው የወባ መከላከያ አቅም በደሙ የለውም፤ ዝናቡና ሙቀቱ በአንድ ዓመት ሲገጥሙ ቤት ሙሉ ይተኛል። የወባ ማጥፊያ ድርጅት የተቋቋመው ከዚያ በማግሥቱ ዓመት ነው። ስሙ «ማጥፊያ» ነበር። በዚያ ዘመን በዲዲቲ የሚጠፋ መስሏቸው ነበር፤ በዓለምም እንደዚያ ነበር የታሰበው።

የባልቴቷ የልጅ ልጅ ዳነች። ፋንሲዳር ነበር ያኔ የምንሰጠው፤ ኮአርተም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሷን ታሪክ ግን ሳልጠይቅ አልጻፍኩም። ማታ የት ትተኛለች፣ ቤቱ ከመገጭ ምን ያህል ይርቃል፣ ባሕር ዳር የወረደ ሰው አለ ወይ፣ ሁሉንም ጠየቅሁ። ነርሷ «ዶክተር፣ ወረፋው እኮ ረጅም ነው» እስክትለኝ።

ከዚያ ወዲህ ጎርጎራ ብዙ ተለውጣለች። ኮረኮንቹም እንደድሮው አይደለም፤ በገበታ ለሀገር የተሠራው ሪዞርት አለ። ባሕሩ ላይ ደግሞ ከሰሜን ምሥራቁ ዳር እንቦጭ ገብቶ ያንን ሰማያዊ በአረንጓዴ ሸፍኖት ነበር፤ ገበሬው ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል በቴሌቪዥን አይታችኋል። በመጨረሻ የሄድኩ ጊዜ ዓሣ የጠበሱልንን እናት ጠየቅሁ። አርፈዋል አሉኝ። ቤቱ አለ፤ ልጃቸው ትጠብሳለች።

ይኼን ጽሑፍ ልጨርስ ስል፣ ከኛ በብዙ ዓመት በኋላ ተመርቆ ደምቢያ ውስጥ የሚሠራ አንድ ወንድማችን ጋ ደወልኩ። ኔትወርኩ ሦስት ጊዜ ተቋረጠ። እ.ኤ.አ. በ2024 ገና በጥቅምት የአገሪቱ የወባ ታማሚ ከ7 ሚሊዮን አልፎ እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን፤ ቁጥሩን ትቼ ስለ ግቢው ጠየቅሁት።

«ዛፉ ሥር ተኝተዋል» አለኝ። «በጋቢ።»

«መመርመሪያ ኪት አለህ?»

«ዛሬ አለ።»

ትንሽ ዝም ተባባልን። ከዚያ፣ ስልኩ ሳይቋረጥ ለመጨረስ ቸኩሎ፣ «ዶክተር፣ እናንተ ጎርጎራ መቼ ነው የምትመጡት?» አለኝ።

«መንገዱ ሲከፈት።»

«ስትመጡ እኔ ጋ ሻይ ሳትጠጡ እንዳታልፉ» አለ። «ግን በጠዋት ነው። ስትመለሱ አላስቆማችሁም።»